እድራችን ሰው በህይወት እያለም ይምጣ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። የኩላሊት እጥበት ላይ ስላሉ ወገኖቻችን ትንሽ ቦታ ብትሰጡኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

እኛ ክርስቲያኖች በለቅሶ አንታማም። ድንኳን ተተክሎ ንፍሮ ተቀቅሎ ሰው ከሀዘንተኛው ጎን አይጠፋም፣ ይሄ ትልቅ ጸጋ ነው። ግን ሰውየው በህይወት እያለ ለአመታት ሲታመምስ የት ነን? እጥበት ማለት እኮ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ለ4 ሰአት ያህል፣ ደም በቱቦ እየወጣ ማሽን ውስጥ ተጣርቶ እስኪመለስ መቀመጥ ነው፣ ብር ያጠረው ደግሞ ሁለቴ ወይ አንዴ ብቻ እየሄደ ውሀው ሰውነቱ ላይ ተጠራቅሞ ትንፋሽ ያጥረዋል። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ይደውላል፣ ማህበርተኛው ይመጣል፣ የቸርቹ ህብረት ቤት ድረስ መጥቶ ይጸልያል፣ ከዛ ስልኩ ጸጥ። ሰው ክፉ ሆኖ አይመስለኝም፣ ለማያልቅ ህመም ምን እንደሚባል ጠፍቶት ነው።

ግን የግድ ምን መባል አለበት? የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ኃጢአቱን መፈለግ ሲጀምሩ ነው። ዛሬም "እምነትሽ ቢጠነክር ማሽኑን ትተዪው ነበር" የሚሉ አሉ፤ በእግዚአብሔር ስም እለምናችኋለሁ እንዲህ አትበሉ፣ ኩላሊቱ ጨርሶ የቆመ ሰው እጥበት ካቋረጠ ብዙ ጊዜ በቀናት ወይ በሳምንታት ውስጥ ነው የሚሞተው። ጸልዩላቸው፣ ጠበሉንም ይጠመቁ፣ ማሽኑ ግን አይቋረጥ።

ጎረቤታችን ከማሽን ስትነሳ ፊቷ አመድ መስሎ ነው፣ መርፌው የወጣበትን ክንዷን በጥጥ ተጭና ደሙ እስኪቆም ትጠብቃለች፣ ከዛ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ታክሲ ሰልፍ ትይዛለች። ምን ላምጣልሽ ስላት "ምንም፣ ቤት የሚያደርሰኝ ሰው ብቻ" ነው ያለችኝ። እኛ ደግሞ ሙዝና ብርቱካን ይዘን እንሄዳለን! ፍሬዎቹ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ብዙ ስለሆነ ለታማሚዎቹ ልብ አደጋ ነው፣ እሷ ግን እንዳታሳፍረን አመስግና ተቀብላ ታስቀምጠዋለች። ምን እንደሚበላና ምን ያህል ውሀ እንደተፈቀደለት መጠየቅ እኮ ራሱ ፍቅር ነው።

እና የኔ ሀሳብ፣ ማህበሮችና ህብረቶች ተራ ያውጡ፣ ማክሰኞ አንዱ ሐሙስ አንዷ እያሉ አብረው ይዋሉ ይመልሷቸው። እድርም የሚከፍለው ሲሞት ብቻ መሆኑ ቢቀየርና ከወር መዋጮው ለታማሚ አባል ትራንስፖርትና መድሀኒት የሚሆን ነገር በደንቡ ላይ ቢገባ ምን አለበት? እኔ በሚቀጥለው የእድራችን ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ፣ እንዲህ አይነት ነገር የጀመራችሁ እድሮች ካላችሁ ደግሞ ደንቡን እንዴት እንዳስተካከላችሁት በዚሁ ጋዜጣ ጻፉልን።

አክባሪያችሁ፣ ከአዲስ አበባ