መጋረጃውን ሳቡልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ደብረ ብርሃን የምኖር ነርስ ነኝ። ሰሞኑን የ15 ዓመት የእህቴን ልጅ አንድ ጤና ተቋም ወስጃት ነበር። ነርስነቴን አልተናገርኩም። ባለሙያዋ የምትጠይቀው ልጅቱን ሳይሆን እኔን ነው። «የወር አበባዋ መቼ መጣ?» ድምፅዋ ወረፋ ለሚጠብቀው ሁሉ ይሰማል። በሩ ገርበብ ብሏል፣ መጋረጃው አልተሳበም። ልጅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አቀረቀረች።

በእኛ ከተማ ወረፋው ላይ ጎረቤት አይጠፋም። ነገ የባሰ ቢገጥማት እዚያ በር ትመለሳለች? አይመስለኝም።

ሥራው እንደሚበዛ አውቃለሁ። ግን መጋረጃ መሳብ በጀት አይጠይቅም፤ ቤተሰብን «እስቲ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» ማለትም እንዲሁ። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ አንቀጽ 12፣ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። ወላጅ ለሕክምናው ፈረመ ማለት ልጁ አይጠየቅ ማለት አይደለም።

ሁሉም ምስጢር ይያዝ እያልኩም አይደለም። የተደፈረች ወይም ራሷን ለማጥፋት ያሰበች ልጅ ስትመጣ ለሚመለከተው መናገር ግድ ነው። ያኔም ቢሆን «ይህን ብቻዬን አልይዘውም፤ ለእከሌ እነግራለሁ» ብሎ ቀድሞ ለራሷ መንገር ይገባል። ከጀርባዋ ከሰማችው አለቀ፣ ሁለተኛ አታምነንም።

አንዲት ነርስ፣ ከደብረ ብርሃን