ይድረስ ለጅማ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፦ ቆርቆሮ የሌለው አንድ ጥግ ይሰጠን

ግልባጭ፦ የከተማችንን መናፈሻዎችና አረንጓዴ ቦታዎች ለሚያለማው ክፍል

ክቡር ከንቲባ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ቅመም የምሸጥ ሴት ነኝ። ሱቁን ከእናቴ ነው የወረስኩት። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ አለኝ። እውነተኛ ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ቤት ውስጥ አቡሽ ነው የምንለው። አቡሽ ኦቲዝም አለበት፤ አእምሮው ከልጅነቱ ጀምሮ ከሌላው ሰው በተለየ መንገድ ይሠራል ማለት ነው። ይህን የምጽፈው እንደ እሱ ላሉ ልጆች የሚሆን የመናፈሻ ጥግ ለመለመን ነው።

ስለ ጅማ ዝናብ ለእርስዎ አላወራም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ለቡናችን ሲሳይ ነው። ለልጄ ግን ዝናብ ማለት ቆርቆሮ ነው። ጣሪያው ሲንጋጋ ሌላው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ወሬውን ይቀጥላል። አንዳንዱማ እንቅልፉ የሚመጣው ያኔ ነው። አቡሽ አልጋ ሥር ይገባል። ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ይጮኻል። እኔም አጠገቡ ተጋድሜ እጄን በእጁ ላይ እደርባለሁ። እስኪያባራ እንዲያ ነን። ክረምት ላይ ይህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ፈሪ ነው ብዬ ነበር። ጎረቤት ደግሞ ሌላ ሌላ ነገር አለኝ። አንዷ «ዓይን ነው» አለችኝ፤ አንዷ «አቀብጠሽው ነው፣ አንድ ቀን ቆንጠጥ ብታደርጊው ይተዋል» አለች። ቆንጥጬውም አውቃለሁ። ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

በኋላ ሐኪም ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ። የእነዚህ ልጆች ስሜት እንደ ተበላሸ ሚዛን ነው። ሩብ ኪሎውን አምስት ኪሎ ብሎ ያነባል፤ አምስት ኪሎውን ደግሞ ባዶ ነው ይላል። የባጃጅ ጥሩምባ ለአቡሽ ጆሮው ውስጥ እንደገባ ሚስማር ነው። መዝለልና መሽከርከር ግን አይጠግብም፤ ዥዋዥዌ ላይ አንድ ሰዓት ቢቀመጥ አይዞርበትም። ይህ የእኔ ልጅ አመል ብቻ አይደለም። ሐኪሞች በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበት የአሜሪካ የሥነ አእምሮ መመሪያ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲታደስ፣ የስሜት ሕዋሳት ምላሽ መብዛትና ማነስ ከኦቲዝም ምልክቶች እንደ አንዱ ተጽፏል። ኦቲዝም ስም ካገኘ ግን ቆይቷል፤ ሊዮ ካነር የሚባል ሐኪም ስለ ዐሥራ አንድ ልጆች የጻፈው በ1943 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ስለ ኮረሪማው ልንገርዎ። ደብዳቤውን ያስጻፈኝ እሱ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ፣ የገበያ ቀን፣ የሚጠብቅልኝ ሰው አጥቼ አቡሽን ሱቅ ይዤው ሄድኩ። መርካቶ በገበያ ቀን ምን እንደሚመስል ያውቁታል። አንድ አይሱዙ ቆሞ ያራግፋል፣ ባጃጁ ከኋላው ጥሩምባውን ይነፋል፣ ካሴት ሻጩ ድምፅ ማጉያውን ለቆታል። ልጄ ባሰበት። መሬት ላይ ወደቀ፣ ራሱን መምታት ጀመረ። ሰው ከበበን። ልይዘው ስታገል አንድ ጆንያ ተገለበጠና ኮረሪማው ፈሰሰ። አቡሽ አንዱን ፍሬ አነሳ። አፍንጫው ላይ አደረገው። በቃ፣ ዝም አለ።

ተአምር ነው አልልም። አፍንጫው ጆሮውን አሸነፈለት፣ ያ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሱቁ ጀርባ፣ በጆንያዎቹ መካከል ቦታ አለው። እጁን ጥቁር አዝሙድ ውስጥ እስከ ክርኑ ይከታል፣ ቀስ ብሎ ያወጣል፣ ደግሞ ይከታል። (ደንበኞቼ ይህን ካነበባችሁ አትደንግጡ። የእሱ ጆንያ ለብቻው ነው፤ አልሸጠውም።)

የእህቴ ልጅ ይህን አይቶ ነው «አክስቴ፣ አንቺ እኮ ሳታውቂው ሴንሰሪ ጋርደን ሠርተሻል» ያለኝ። በአማርኛ የስሜት ሕዋሳት መናፈሻ ልንለው እንችላለን። ለማየት ብቻ ሳይሆን ለማሽተት፣ ለመዳሰስ፣ ለመስማት፣ ለመወዛወዝ ታስቦ የሚተከል የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። በሌላ አገር ለዓይነ ስውራን፣ ለአረጋውያን፣ ለኦቲዝም ልጆች ይሠራል። እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው። በከተማችን እየለሙ ካሉት አረንጓዴ ቦታዎች ውስጥ፣ የእግር ኳስ ሜዳ ሩብ የምታክል አንድ ጥግ ለእነዚህ ልጆች ትዘጋጅልን።

ሐቁን ልናገር። መናፈሻ ኦቲዝምን አያድንም። ኦቲዝም ራሱ የሚድን በሽታ አይደለም፤ ልጁ የተፈጠረበት መንገድ ነው። «እናድናለን» ለሚሉ ሰዎች ያወጣሁትን ገንዘብ ብቆጥር ሁለተኛ ሱቅ እከፍትበት ነበር። በእንዲህ ዓይነት መናፈሻዎች ላይ የተሠሩት ጥናቶችም ገና ትንንሽ ናቸው። እኔ የምፈልገው መድኃኒት አይደለም። ልጄ ሳይሳቀቅ፣ እኔም ሳልሳቀቅ፣ ከቤት ወጥተን ሁለት ሰዓት የምንቆይበት ቦታ ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ የለንም። አንድ ጊዜ አንድ መዝናኛ ይዤው ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም። የውኃ ፏፏቴው ባለቀለም መብራት ነበረው፣ ሙዚቃው ከአራት ማዕዘን ይለቀቃል። አቡሽ ጮኸ። ጥበቃው መጣና «እናት፣ ሰው እየተረበሸ ነው» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አፍሮ ነው የተናገረው። ወጣን። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ቤት ነን።

በአዌቱ ወንዝ ዳር የሚሠራውን ሳይ ደስ ይለኛል። ጅማ ታምራለች። ግን እባክዎ ስለ ውኃው አንድ ነገር ልበል። አቡሽ ውኃ ይወዳል። ብዙ የኦቲዝም ልጆች እንዲሁ ናቸው፤ ከቤት ሾልከው ሲወጡ ወደ ውኃ ነው የሚሄዱት፣ መስጠምም ከሁሉ የከፋው አደጋቸው ነው። አምና አንድ ቀን በር ሳይዘጋ ቀርቶ ጠፋብኝ። መንደሩ ሁሉ ወጣ። ያገኙት መኪና የሚያጥቡ ልጆች ናቸው፤ ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ ጠጠር ይወረውር ነበር። ስሙን ቢጠሩት ዞሮ አያይም። አንዱ ልጅ ብልህ ነው፣ አልጎተተውም፤ አጠገቡ ተቀምጦ አብሮት ጠጠር እየወረወረ አስጠራኝ። እግዜር ይስጠው። ስለዚህ ቦታው ወንዝ ዳር ቢሆን አልጠላም፣ ድምፁም ደስ ይላል። ግን አጥር ይኑረው። መግቢያው አንድ ይሁን፣ በሩም ድርብ ይሁን፦ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት። እናት ዓይኗን ለአንድ ደቂቃ መጨፈን የምትችለው እንዲያ ሲሆን ነው።

አጥሩ ደግሞ ቅንጭብ አይሁን። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ አደጋ ነው። አስተናግርም በአካባቢው አይብቀል። ልጆቻችን ያገኙትን ሁሉ አፋቸው ውስጥ ነው የሚከቱት።

የሚተከለውን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ናና፣ ጠጅ ሳር፣ የጥብስ ቅጠል፤ ሁሉም በየጓሯችን አለ። በልጅ ወገብ ቁመት ከፍ ባለ መደብ ላይ ቢተከሉ፣ ልጁ ሲያልፍ እጁ እየነካቸው ሽታቸውን ይለቃሉ። ጤና አዳምም ይኑር፣ ግን ከመንገዱ ጠርዝ ራቅ ይበል፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። ኮረሪማ ጥላ ይወዳል፣ ከዋንዛው ሥር ይግባ። እንሰት ሰፊ ቅጠሉን ይዞ ይቁም፤ ዝናብ ቅጠል ላይ ሲወርድ እንደ ቆርቆሮ አይጮኽም።

ቡናማ ያለ ጥርጥር። አንድ ረድፍ ቡና ብቻውን ግማሽ መናፈሻ ነው። በልግ ሲገባ አበባው ይነጣል፣ ሰፈሩን ያውደዋል። ቀዩን እሸት ሲጨምቁት ሙልጭልጭ ይላል። ጀንፈሉ እጅ ውስጥ ይንኳኳል። አቡሽ አያቱ ግቢ ውስጥ አንዲት የቡና እግር ሥር ግማሽ ቀን ይውላል። የቡና ልጅ በቡና አገር መጫወቻ ሲያጣ ነውር ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

መጠለያው ግን፣ አደራ፣ በቆርቆሮ አይከደን። ሳር ክዳን ይሁን። እላይ የነገርኩዎት ሁሉ ቢሠራና ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ፣ ጅማ ላይ ያ መናፈሻ ከግማሽ ዓመት በላይ ለልጄ ዝግ ነው።

መንገዱ ክብ ይሁንና ወደ መነሻው ይመልስ። መንገድ ድንገት ሲቆም ልጆቹ ይጨንቃቸዋል። አንዱ ቦታ አሸዋ፣ አንዱ ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ፣ አንዱ ሣር ይሁን፤ እግራቸው ይምረጥ። ጠንካራ ዥዋዥዌ ይኑር፣ ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅም የሚቀመጥበት፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያድጋል፣ የዥዋዥዌ ፍላጎቱ ግን አያልፍም። ሲበዛበት የሚሸሸግባት ከቀርከሃ የተሠራች ጠባብ ጎጆ ትኑር። መጸዳጃ ቤት ይኑር፣ ትልቅ ልጅ ልብስ የሚቀየርበት። ይህችን ማንም አያስባትም። ምልክቶቹ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጻፉ፣ ከጽሑፉ በላይ ግን ሥዕል ይኑራቸው፤ አቡሽ በአንዱም ቋንቋ አይናገርም።

ባለሙያ የለም እንዳይሉኝ። ዩኒቨርሲቲያችን ዝና ያገኘው ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ በመላክ ነው። የግብርና ኮሌጁ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ዩኒቨርሲቲው የሥነ አእምሮ ክፍልም አለው። ቡና የሚያጠናው የምርምር ማዕከል መልኮ ነው፣ አጠገባችን። እነዚህን ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ የእርስዎ አንድ ደብዳቤ ይበቃል። እኛ ወላጆችም ወንበር ይሰጠን። ንድፉ አልቆ፣ ድንጋዩ ተነጥፎ ከተጠራን ግን ምን ዋጋ አለው?

አሁን ያለው አማራጭ አዲስ አበባ ነው፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በልጃቸው ምክንያት በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፍተው ለብዙዎቻችን ዓይን ገልጠዋል። ግን ቅመም ሻጭ ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ትክረም? ማን ይሸጥላታል?

«ስንት ልጅ አለና ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ይገምታል። 1,270 ተማሪ ያለበት ትምህርት ቤት ዐሥር ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። ሄደው ቢቆጥሩ ዐሥር አያገኙም። ቤት ናቸው። በር ተዘግቶባቸዋል፣ አንዳንዶቹም ታስረዋል። ወላጆቹን አልፈርድባቸውም፤ እኔም ወንዙ ዳር ካገኘሁት በኋላ ለአንድ ሳምንት በሩን በቁልፍ ዘግቻለሁ።

ሕጉን በተመለከተ የእህቴ ልጅ የሕግ ተማሪ ነውና ጻፊው ብሎኛል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ይላል። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 30 ላይ ጨዋታና መዝናኛ የልጆቻችን መብት ነው ይላል። ጻፍኩለት። እኔ ግን በአንቀጽ ከምሟገትዎ ቢያዩት እመርጣለሁ።

ቦታው እስኪዘጋጅ አንድ ቀላል ነገር አለ፣ በጀትም አይፈልግም። ካሉት መናፈሻዎች በአንዱ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድምፅ ማጉያ ይዘጋ። ፏፏቴውም ይረፍ። ጥበቃው የሚጮኽ ልጅ ሲያይ እንዳያስወጣ ይነገረው። እኔና የማውቃቸው ሦስት እናቶች በመጀመሪያው ቅዳሜ እንመጣለን።

የበሶብላና የድንብላል ዘሩን ከሱቄ በነፃ እሰጣለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መርካቶ ነኝ፣ የኮረሪማዋ ሴትዮ ብለው ቢያስጠይቁ ያሳይዎታል። ዝናብ ከመጣ ግን ሱቁ ዝግ ነው። ቤት ነኝ፣ አልጋው ሥር።

ከአክብሮት ጋር
የአቡሽ እናት
ጅማ