ማሽኑ ቢገዛም ክሩ አይጣል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አንድ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ጊዜ ደም ስርን በክር ከማሰር ይልቅ በሙቀት የሚያሽግ ማሽን ልግዛ ሲል ክርክሩ ዋጋው ላይ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። በማህፀን ቀዶ ሕክምና ላይ የምንሠራ ሰዎች ግን ከዋጋው በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ እንላለን፤ ማሽኑ የሚገዛው ለየትኛዋ ታካሚ ነው?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ በብልት በኩል የሚደረገው ማህፀን የማውጣት ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው የሚያስፈልገው ማህፀናቸው ወደ ውጭ ለወጣባቸው እናቶች ነው። ደጋግመው የወለዱ፣ የመንዝንና የአንኮበርን ዳገት ውሃና እንጨት ተሸክመው የወጡ፣ ሕመሙን በኀፍረት ደብቀው የከረሙ ናቸው። ለእነሱ ማህፀኑን ማውጣት የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የብልቱ ጣሪያ ተመልሶ እንዳይወርድ መስቀል ነው፤ የሚሰቀለውም ከማህፀን በር ወደ ኋላ በሚሄዱት ሁለት ጅማቶች ላይ ነው።

በክር ሲሠራ የማህፀን በር ዙሪያው ይቀደዳል፣ ፊኛው ወደ ላይ ይገፋል፣ ከኋላና ከፊት ወደ ሆድ ይገባል። ከዚያ በቀኝም በግራም ሦስት ቦታ ይታሰራል፦ መጀመሪያ ጅማቶቹ፣ ቀጥሎ የማህፀን ደም ስሮች፣ መጨረሻ ላይ ከኦቫሪው (ከእንቁላል ማመንጫው) ጋር የሚያያዘው የላይኛው ክፍል። እያንዳንዱ በክላምፕ (በመቆንጠጫ) ተይዞ ይቆረጥና በ0 ወይም በ1 ቁጥር ቪክሪል፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ በሚሟሟ ክር፣ ተወግቶ ይቋጠራል። ቪክሪል ከሁለት ሳምንት በኋላም ሦስት አራተኛ ያህል ጉልበቱ አብሮት ነው።

ክር የሚያስቸግርበት ቦታ የታወቀ ነው። በአንድ ክላምፕ ብዙ ሥጋ ከታጨቀ መሃሉ ሳይጠብቅ ይቀራል። ረዳቱ ቋጠሮው ሳይጠብቅ ክላምፑን ከለቀቀ ደም ስሩ ሾልኮ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ያንን ለመያዝ በጭፍን መውጋት ደግሞ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውን የሽንት ቱቦ ለመጉዳት አንዱ መንገድ ነው። የጅማቱን ክር ሳይቆርጡ ጎትቶ መያዝ ይቻላል፣ ያስፈልጋልም። የደም ስሩን ክር ግን መጎተት አይገባም፤ ቋጠሮው ይንሸራተታል።

ማሽኑ ሥጋውን በመንጋጋው ጨምቆ በኤሌክትሪክ ያሞቃል፣ የደም ስሩን ግድግዳ አዋህዶ ያሽጋል። እስከ 7 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን የደም ስር ይችላል፤ የማህፀን ደም ስር ከዚህ ይቀጥናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱ የታተመ፣ በ60 ሴቶች ላይ የተደረገ ንጽጽር በክር 54 ደቂቃ ገደማ የፈጀው ሥራ በማሽን 39 ደቂቃ እንደፈጀ አሳይቷል። የፈሰሰው ደምም ከ127 ወደ 69 ሚሊ ሊትር ዝቅ ብሏል። ልዩነቱ አንዲት ሲኒ ቡና አያህልም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሕመሙ ቀለል ማለቱ ግን በሌሎች ንጽጽሮችም የታየ ነውና አይናቅም።

ማሽኑም የራሱ ጣጣ አለው። መንጋጋው ላይ የተቃጠለ ደም ከጋገረ፣ ሥጋው ተወጥሮ ሳለ ከታሸገ፣ ወይም የማሸጊያው ድምፅ ሳያበቃ መብራት ከጠፋ እሽጉ ጎዶሎ ይሆናል። የጋለው መንጋጋ ከብልቱ ከንፈር ጋር ከተነካካ ያቃጥላል። ከሁሉ የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው፤ ከመንጋጋው ውጭ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ይዛመታል። ማህፀኑ ሙሉ በሙሉ በወጣባት እናት ደግሞ የሽንት ቱቦዎቹ አብረው ወደ ታች ወርደዋል። በሙቀት የተጎዳ ቱቦ ያኔውኑ አያስታውቅም፤ ከቀናት በኋላ ሽንት በብልት ሲንጠባጠብ ነው ጉዱ የሚወጣው። ስለዚህ ፊኛው በደንብ መገፋት፣ መንጋጋውም ከማህፀኑ ጋር ተጠግቶ መነከስ አለበት።

እኛ የምንመርጠው ቅይጡን ነው። ጅማቶቹ በክር ይታሰሩ፤ የታሸገ ጅማት ጣሪያው የሚሰቀልበት ክር የለውም፣ በኋላ ጫፉን ፈልጎ መውጋት ሊያስፈልግ ነው። የማህፀን ደም ስሮችና በተለይ ጣት እንደልብ የማይደርስበት የላይኛው ክፍል በማሽን ቢታሸጉ ተገቢ ነው፤ ጠባብ ቦታ ላይ ቋጠሮ መቋጠር ማንንም ያታክታል።

ግዢውን በተመለከተ፣ ኃይል የሚሰጠውን ዋናውን ሣጥን ገዝቶ መንጋጋው ያለበትን መያዣ መርሳት የተለመደ ስህተት ነው። ለአንድ ጊዜ የተሠራውን መያዣ አጥቦ መደጋገም ሽፋኑን ይሰነጥቃል፣ መንጋጋውንም ያላላል። ታጥቦ የሚመለስ ዓይነትም ስላለ የጨረታው ሰነድ ለይቶ ይጠይቅ፤ የዓመቱን መያዣ ብዛትና ጥገናውንም አብሮ ይጻፍ።

ደብረ ብርሃን ላይ የሚሠለጥን ሐኪም ነገ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ተመድቦ ማሽኑን ላያገኘው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀዶ ሕክምናዎቹ ሦስቱንም ቦታ በክር ይሰር፤ ማሽኑን ከዚያ በኋላ ይያዝ።

ከማህፀንና ጽንስ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች፣ ሰሜን ሸዋ