ቡና የምትባለውን ኮከብ ከሐይቁ ዳር እንያት፦ የድጋፍ ጥሪ ለሐዋሳ ልጆችና ወዳጆች

ሰላም የሐዋሳ ልጆች! ሐዋሳ ኖራችሁ የወጣችሁም፣ ለሽርሽር መጥታችሁ ዓሣ በልታችሁ የሄዳችሁም ጭምር። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፣ ብር እየሰበሰብን ነው። ለአንድ ቴሌስኮፕና ለአንድ ረጅም ግድግዳ።

ግድግዳው ወደ ሐይቁ በሚወስድ መንገድ ዳር ያለ የአንድ ትምህርት ቤት የውጭ አጥር ነው። ትምህርት ቤቱ ፈቅዶልናል። የሰው ልጅ ሰማይን እንዴት እያየ፣ እየለካ፣ በኋላም እየወጣ እዚህ እንደደረሰ ከዳር እስከ ዳር እንሥልበታለን። ቴሌስኮፑ ደግሞ የማንም የግል ንብረት አይሆንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ሐይቁ ዳር ይወጣል፣ የፈለገ ሰው ተሰልፎ ያያል፣ በነፃ። በአዘቦት ቀን በየትምህርት ቤቱ በተራ ይዞራል። እኛ ማለት መምህራን፣ ሁለት ሠዓሊዎች፣ ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና አንድ የባጃጅ ሹፌር ነን። ስለ ሹፌሩ እነግራችኋለሁ።

“ስንት ችግር እያለ ቴሌስኮፕ?” የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ እኛም እርስ በርስ ተጠያይቀንበታል። የኔ መልስ አጭር ነው። ልጆቻችን ስለ ጋሊሊዮ የሚያውቁት “የጁፒተርን ጨረቃዎች ያገኘ ማነው?” ሲባል “ሐ”ን ለመክበብ ያህል ነው። ፈተናው ሲያልቅ ጋሊሊዮም አብሮ ያልቃል። በዓይኑ ያየ ልጅ ግን አይረሳም፣ ከዚያም አልፎ መጠየቅ ይጀምራል። የሚጠይቅ ልጅ ደግሞ ለየትኛውም ችግራችን ያስፈልገናል።

ባለፈው ታኅሣሥ አንዳችን ባይኖኩላር ተውሶ አመጣ። በእጅ ይዘን ሞከርን፣ እጃችን እየተንቀጠቀጠ ምንም አልታይ አለ። ዳር ላይ ደንበኛ እየጠበቀ የነበረ የባጃጅ ሹፌር ሁኔታችንን አይቶ “ለምን እዚህ ላይ አታስደግፉትም?” ብሎ ባጃጁን አስጠጋልን። ጣሪያው ላይ ጃኬት አጥፈን ባይኖኩላሩን አስተካክለን ጁፒተር ላይ አነጣጠርነው። መጀመሪያ ያየው እሱ ነው።

“አጠገቡ ያሉት ነጠብጣቦች ምንድን ናቸው?”

“ጨረቃዎቹ ናቸው።”

“ነገም እዚያው ናቸው?”

“ነገ ቦታ ቀይረው ታገኛቸዋለህ” አለው የፊዚክስ መምህሩ። ሰውዬው የሚያሾፉበት ነው የመሰለው። በማግስቱ ከኛ ቀድሞ እዚያው ቦታ ቆሞ አገኘነው። እውነትም ተቀያይረዋል። ከዚያ ወዲህ የቡድኑ አባል ነው፣ ቴሌስኮፑ ሲመጣ ማጓጓዣው በሱ ነው።

ይህ ሰው በሁለት ማታ ያየውን ነገር ነው ጋሊሊዮ ጣሊያን አገር ፓዱዋ ላይ ያየው። (የፈረንጅ ዓመቶችን እንዳሉ ነው የምጽፈው፣ ለአገራችን ጉዳይ ግን ዓ.ም እላለሁ።) ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ማታ ከጁፒተር አጠገብ ሦስት ትንንሽ ኮከቦች በአንድ መስመር ተሰልፈው አየ፣ ሁለቱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ። በማግስቱ ሦስቱም ወደ ምዕራብ ሄደዋል። በ10 ሁለት ብቻ ታዩት። በ13 አራት ሆኑ። ተራ ኮከብ እንዲህ አያደርግም። ጁፒተርን የሚዞሩ አራት ጨረቃዎች ነበሩ። ሰማይ ላይ ያለው ሁሉ መሬትን ብቻ ነው የሚዞረው ለሚለው የኖረ እምነት ይህ ትልቅ መርዶ ነበር፣ ምክንያቱም የሥነ ፈለክ ሊቁ ኮፐርኒከስ በ1543 መሬት ራሷ ፀሐይን ትዞራለች ብሎ ሲጽፍ ብዙ ሰው ወረቀት ላይ ያለ ሒሳብ ነው ብሎ አልፎት ነበር፣ አሁን ግን መሬትን የማይዞር ነገር በዓይን ታየ። የጋሊሊዮ መሣሪያ የሚያጎላው 20 እጥፍ ያህል ነው። እኛ ልንገዛ ያሰብነው ከዚያ በጣም የተሻለ ነው።

ወደ ግድግዳው ልመለስ። ከየት ይጀመር በሚለው ላይ ብዙ ተከራክረናል። በመጨረሻ ከዚሁ ከሐዋሳ እንዲጀመር ተስማማን። ሲዳማ ውስጥ የፍቼ ጫምባላላን ቀን የሚቆርጡት አያንቶዎች ናቸው፣ ሰማዩን አይተው። ዩኔስኮ በፈረንጅ 2015 ፍቼ ጫምባላላን በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህም እውቀት አብሮ ነው የተመዘገበው። ጉዱማሌ ላይ በዓሉን የምናከብር ሰዎች ከበዓሉ በፊት ሌሊት ተቀምጦ ሰማይ የሚጠብቅ ሽማግሌ እንዳለ ስንቶቻችን እናስባለን? ስለዚህ የመጀመሪያው ሥዕል ወደ ላይ የሚያይ አያንቶ ነው። ቀጥሎ ባሕረ ሐሳብ ይመጣል፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል በፀሐይና በጨረቃ ቆጥረው የሚያወጡት ሊቃውንት።

ከዚያ በኋላ ያለው የግድግዳው መካከል ነው፣ እኔ በግሌ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ሁሉም ሥዕል በአንዲት የሰማይ ቁራሽ ዙሪያ ነው የሚሽከረከረው፤ በአንድሮሜዳ። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። ጥርና የካቲት ላይ፣ በመሸ በሁለት ሦስት ሰዓት፣ ከሐይቁ ማዶ ወደ ሰሜን ምዕራብ በኩል ናት። ከተማው ከሐይቁ በምሥራቅ ስላለ ወደ ውሃው ስትዞሩ ሰማዩ ጨለም ይላል፣ ለኛ ምቹ ነው። (መብራት የጠፋ ዕለትማ ይብስ ያምራል። ለአንድ ቀን እንኳን መብራት ሲጠፋ የሚደሰት ቡድን ሐዋሳ ላይ ተገኝቷል።)

እዚያች ቁራሽ ላይ ደብዘዝ ያለች ነገር አለች። አል ሱፊ የሚባለው የፋርስ ሊቅ በ964 ገደማ ትንሽ ደመና ብሎ መዝግቧታል። ምን እንደሆነች ለአንድ ሺህ ዓመት ገደማ ማንም አላወቀም። ቁልፉን ያገኘችው ሄንሪዬታ ሊቪት ናት። አሜሪካ፣ ሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ማዕከል) ውስጥ ተቀምጣ በመስታወት ላይ የተነሱ የሰማይ ፎቶዎችን እያየች የኮከቦችን ድምቀት የምትመዘግብ ሠራተኛ ነበረች። ብርሃናቸው በየጊዜው ከፍ ዝቅ የሚል ኮከቦች አሉ። ሊቪት በ1912 ባወጣችው ሥራ አንድ ሕግ አሳየች፦ ኮከቡ ከፍ ዝቅ ለማለት የሚወስድበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር የኮከቡ ትክክለኛ ድምቀት ይጨምራል። ትክክለኛ ድምቀቱን ካወቃችሁ፣ ለኛ ምን ያህል ፈዝዞ እንደሚታይ ደግሞ ከለካችሁ፣ ርቀቱን ማስላት ይቻላል። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኤድዊን ሀብል በ1923 አል ሱፊ ባያት ደመና ውስጥ እንዲህ ያለ ኮከብ አገኘ፣ በሊቪት ሕግ አሰላው፣ ከኛ ጋላክሲ (ፀሐያችን ካለችበት ግዙፍ የኮከቦች ስብስብ) በጣም ውጭ ሆነ። ደመናዋ ሌላ ጋላክሲ ናት። ዛሬ ርቀቷ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል እንደሆነ እናውቃለን፣ አንድ የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው ርቀት ነው። በነገራችን ላይ እነዚያ ከፍ ዝቅ የሚሉት ኮከቦች ሴፊይድ ይባላሉ፣ በዚያው በአንድሮሜዳ አባት በኬፌዎስ። ሊቪት በግድግዳው ላይ ትልቁን ምስል ታገኛለች። ሀብል ቅር እንዳይለው፣ ስሙ ሰማይ ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ላይ ተጽፎለታል።

አሁን ርዕሱ ላይ ወዳለችው ቡና ልምጣ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም። በፈረንጅ 2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጠ። ኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ የምትገኘው እዚያው አንድሮሜዳ ውስጥ ነው። ኮከቧ ቡና ተባለች፣ የሚዞራት ፕላኔት አቦል። ቶናና በረካ ገና አልተገኙም። ቡናን በባዶ ዓይን ማየት አይቻልም፣ ትንሽ ትፈዝዛለች። በምንገዛው ቴሌስኮፕ ግን ወለል ብላ ትታያለች። አቦል ራሱ አይታይም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ በኋላ ሸወዳችሁን እንዳትሉ።

የሕዋ ጉዞው ክፍል ብዙ ሰው የሚያውቀው ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ልበል። የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስፑትኒክ ኦክቶበር 4 ቀን 1957፣ 83.6 ኪሎ የምትመዝን የብረት ኳስ። ሕዋ የወጣ የመጀመሪያው ሰው ጋጋሪን አፕሪል 12 ቀን 1961፣ የ108 ደቂቃ ጉዞ። የመጀመሪያዋ ሴት ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ በ1963። ሰዎችን ጨረቃ ላይ ያሳረፈችው አፖሎ 11 በ1969። በ1977 የተላከችው መንኮራኩር ቮያጀር 1። ህንድ በ2023 ጨረቃ ደቡብ ዋልታ አካባቢ ያሳረፈችው ቻንድራያን 3። ላይካ የምትባለው ውሻ ትግባ አትግባ በሚለው ላይ አሁንም አልተስማማንም። አንዱ ሠዓሊ ለልጆች ያሳዝናል ይላል፣ ወደ ሕዋ በወጣች በሰዓታት ውስጥ መሞቷ እውነት ነው። እኔ ትግባ ባይ ነኝ። ልጆች የሚጠይቁት ስለሷ ነው።

ከዚያ አገር ቤት፦ 3,200 ሜትር ላይ ያለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ከነሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች፣ እና ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲ አር ኤስ ኤስ 1። መጨረሻ ላይ ሁለት ሜትር ባዶ ቦታ እንተዋለን። የሚቀጥለው ነገር ሲመጣ ይሣልበታል።

እሺ፣ ብሩ። ጠቅላላ የሚያስፈልገን 390 ሺህ ብር ነው። 220 ሺው ለቴሌስኮፑ ነው፣ ማጓጓዣውንና ቀረጡን ጨምሮ። የመረጥነው ዶብሶኒያን የሚባለውን ዓይነት ነው። መስታወቱ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ሞተር የለውም፣ በእጅ እየገፉ ነው የሚያዞሩት፣ ስለዚህ የሚበላሽ ነገሩ ትንሽ ነው። ከዚህ በርካሽ የሚገኙ በሦስት እግር የሚቆሙ ትንንሾች አሉ። ሞክረናቸዋል፣ ነፋስ ሲነካቸው ይወዛወዛሉ፣ ሕፃን ልጅ ምንም ሳያይ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። ለግድግዳው 115 ሺህ ያስፈልጋል፣ የፈረሰው ልስን መጠገን ስላለበት። ሠዓሊዎቹ ለጉልበታቸው አንድ ብር አይወስዱም።

የቀረው 55 ሺህ ለፀሐይ ማያ መነጽሮችና ለቴሌስኮፑ የፀሐይ ማጣሪያ ነው። ይህኛው ቀነ ገደብ አለው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ግብፅ ሉክሶር ላይ ፀሐይ ከ6 ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትሸፈናለች፣ ለኛ በከፊል ነው። ክረምት ስለሆነ ደመናው ከፈቀደ ነው እንግዲህ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም ላሊበላ ላይ ቀለበት ሠርታ በታየችበት ዕለት እዚህ ከተማችን ውስጥ በኤክስሬይ ፊልም፣ በጥቁር መነጽር፣ እጅ በእጅ እየተቀባበለ ሲያይ የነበረ ስንት ሰው ነበር። ሁለቱም አይከላከሉም። የዓይን ብርሃን ሲጎዳ ደግሞ በሰዓቱ አያምም፣ ክፋቱ እሱ ነው። ስለዚህ መነጽሮቹ አይ ኤስ ኦ 12312-2 የሚል ደረጃ ያላቸው መሆን አለባቸው፣ በዚህ ላይ ዋጋ አንቀንስም።

እስካሁን 71 ሺህ ብር ገብቷል። አብዛኛው ከራሳችን ኪስና ከመምህራን ደመወዝ ነው። የሃምሳ ሎሚውን ተረት ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ግን 50 ብር አነሰኝ ብላችሁ እንዳትቀሩ። 50 ብር የአንድ ብሩሽ ዋጋ ባይሞላም ከሌላ 50 ጋር ይሞላል። ብር ለማይመቸው ደግሞ ሌላም አለ፦ የውጭ ቀለም፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ለሁለት ሳምንት የሚሆን መወጣጫ እንጨት። ቀለም የምትሸጡ ወንድሞችና እህቶች፣ የተከፈተ ግማሽ ጣሳም ቢሆን እንወስዳለን። ውጭ አገር ያላችሁ ወደዚህ ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ካለ ትንንሾቹን የዓይን ሌንሶች ብታመጡልን ትልቅ ውለታ ነው፣ አንዱ ከሲኒ አይበልጥም። ሲዳምኛና አማርኛ በደንብ የምትጽፉም ኑ፣ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር አጭር ጽሑፍ በሁለቱም ቋንቋ ይኖራል።

ስለ ገንዘቡ አያያዝ። የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሰው ስም ነው የተከፈተው፣ ሦስቱም ካልፈረሙ አይወጣም። በየሳምንቱ እሑድ ገቢና ወጪውን ከነደረሰኙ እዚሁ እንለጥፋለን። የሒሳብ ቁጥሩን ግን እዚህ ላይ አልጻፍኩትም፣ የሰው ጥሪ ኮፒ አድርገው ቁጥሩን ብቻ ቀይረው የሚለጥፉ ሰዎች ስለበዙ። በውስጥ መስመር ጠይቁን፣ እንልክላችኋለን። ሌላ ሰው በሌላ ቁጥር ከጠየቃችሁ እኛ አይደለንም። ስትልኩ ምክንያቱ ላይ “ግድግዳ”፣ “ቴሌስኮፕ” ወይም “መነጽር” ብላችሁ ጻፉ፣ ላላችሁት ነገር ብቻ ይውላል። ምንም ካልጻፋችሁ መጀመሪያ ለመነጽሩ እናደርገዋለን።