ለድሬዳዋው የፍየል መኖ መሬትህ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? የጠየቅኸኝ ለፍየሎችህ ምን መኖ እንደምትዘራ ነው፤ እኔ ግን ከወሩ እጀምራለሁ። መኖ በዝናብ ጊዜ ቢዘራም የሚታሰበው ለታኅሣሥ፣ ለጥርና ለየካቲት ነው። በነሐሴ ጋራው ሁሉ ስለሚለመልም ፍየሎቹ ያንተን እጅ አይጠብቁም።

25 ኪሎ የምትመዝን ፍየል በቀን 4 ኪሎ ያህል እርጥብ መኖ ትበላለች። ለ10 ፍየል 40 ኪሎ ማለት ነው። 1,000 ካሬ ሜትርህ በመስኖ ቢለማም ይህን ሁሉ አይችልም፤ ስለዚህ ገለባውን፣ የማሽላ አገዳውንና የጫት ገራባውን (ከጫቱ የሚተርፈውን ቅጠል) እንዲያግዝ አድርገህ ያዘው። ገራባውን ስትገዛ መድኃኒት የተረጨ መሆን አለመሆኑን ጠይቅ።

400 ካሬውን አልፋልፋ ለተባለው የመኖ ተክል ስጠው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ አፈሩ በደንብ ይለስልስ። በ20 ሳንቲ ሜትር መስመር፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር ሳይጠልቅ ዝራው፤ 700 ግራም ይበቃሃል። ጠልቆ የገባ አይወጣም፣ አብዛኛው ሰው የሚከስረውም እዚህ ላይ ነው። አረሙን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልነቀልከው ቡቃያውን ይውጠዋል። ግንዱ ላይ የሚጠመጠም ቢጫ ክር የመሰለ ጥገኛ አረም ካየህ ያን ቦታ ከነአልፋልፋው አጭደህ አቃጥል፤ ዘር ከጣለ አይለቅህም። አበባ መታየት ሲጀምር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርተህ እጨድ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ ገደማ ይደርሳል።

ፍየሎቹን ግን ወደ አልፋልፋው አታስገባ፣ በተለይ ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅ። ሆዳቸው ተነፍቶ በሰዓታት ውስጥ ሊሞቱ ይችላሉ። አጭደህ ጥቂት ሰዓት አጠውልገው፣ ገለባ ካስቀደምክላቸው በኋላ ስጣቸው።

ሌላውን 400 ካሬ በዝሆን ሳር ሙላው። ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ዘንበል አድርገህ ሁለቱን አንጓ ቅበር፤ በመስመሮቹ መካከል 1 ሜትር፣ በቁራጮቹ መካከል 50 ሳንቲ ሜትር። 800 ቁራጭ ይፈጃል። 1 ሜትር ሲሆን እጨደው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሸንበቆ ስለሚጠነክር ፍየሏ ቅጠሉን ለቅማ አገዳውን ትተወዋለች። ጉቶውን 10 ሳንቲ ሜትር አስቀር፣ ባጨድክ ቁጥር ፍግ ጨምርለት፤ ያለ ፍግ ከእጨዳ እጨዳ ይመነምናል።

የቀረው 200 ካሬ ላብላብ (እንደ ባቄላ ያለ የመኖ ተክል) ይሁን። በሐምሌ ዝናብ ዝራውና ማበብ ሲጀምር አጭደህ በጥላ ሥር ድርቆሽ አድርገው። በጸሐይ ከደረቀ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ምግቡ ደግሞ ያለው ቅጠሉ ላይ ነው። በአጥሩ ዙሪያ ሉኪንያ የተባለውን የመኖ ዛፍ ትከል፤ ዘሩን በሞቀ ውኃ (80 ዲግሪ ያህል) ለ3 ደቂቃ ነክረህ አቀዝቅዘው፤ አለዚያ የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይበቅልም። ቅጠሉ መርዛማ ነገር ስላለበት ከቀለቡ ሲሶ አይለፍ፤ ብዙ የበላች ፍየል ጸጉሯ ይረግፋል።

አሁን ወደ ማሽላው። ከታጨደ በኋላ ዳግም ያቆጠቆጠ፣ ወይም በድርቅ የጠወለገ ወጣት ማሽላ ሳይናይድ የተባለ መርዝ ያመነጫል። ፍየሏ ጥቂት ከበላች በኋላ ትንፋሽ ታጣለች፣ በደቂቃዎች ውስጥም ልትሞት ትችላለች። ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነውን አታስነካ። የሐረርጌ ገበሬ አጥብቆ የዘራውን ማሽላ ለማሳሳት ሲነቅል የነቀለውን ለሰንጋ እንደሚሰጥ ታውቃለህ፤ እሱ ግን በእጁ ጥቂት ጥቂት፣ ከሌላ ጋር እያሰባጠረ ነው። አንተ ሜዳ ላይ ልቀቃቸው ብትል አይሆንም። በደንብ ደርቆ ድርቆሽ ከሆነ አደጋው በጣም ይቀንሳል። በቆሎ ይህ መርዝ የለበትም፤ የምትመርጥ ከሆነ እሱን ምረጥ።

ዘር ስትገዛ ከእያንዳንዱ 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጥ። የላብላቡንም የአልፋልፋውንም ከሳምንት በኋላ የበቀለውን ቁጠር፤ ከ70 በታች ከበቀለ የዘሩን መጠን ጨምር፣ ከ50 በታች ከሆነ ለሻጩ መልስ።

እናትህ