ዓይን በዓይን ከተባለ በኋላ ያለው

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ጸሐፊ የአይሁድን ሕግ «ዓይን ያጠፋ ዓይኑ ይጥፋ» በምትል አንዲት ቃል ጠቅልለው የበቀል ሕግ ነው ብለውታል። ጥቅሷ አለች፤ ዘፀአት 21፥24 ላይ። ግን ሕጉ እዚያ አያልቅም።

ጎንደር ተወልጄ በልጅነቴ እስራኤል የገባሁ ቤተ እስራኤል ነኝ። ቄሳችን ኦሪቱን በግዕዝ አንብበው በአማርኛ ይተረጉሙልን ነበር፤ የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ክርክር የተሰበሰበበትን ታልሙድን ያየሁት እዚህ ነው። ገጹ ራሱ ያስፈራል፦ መሐል ላይ ጌማራው (የሊቃውንቱ ክርክር)፣ በአንድ ጎን የራሺ ማብራሪያ፣ በሌላው ቶሳፎት የተባሉት የኋላ ሊቃውንት ራሺን ሲሞግቱ። ስለ ጉዳትና ካሳ ከሚናገረው የታልሙድ መጽሐፍ ከባቫ ቃማ ይህችን ጥቅስ የሚመረምረውን ክፍል ከጥናት ጓደኛዬ ጋር ስናነብ ሦስት ማታ ፈጀብን።

ሊቃውንቱ ይጠይቃሉ፦ ያጠፋው ሰው ራሱ ዕውር ቢሆንስ ምኑን ልታጠፋበት ነው? ኦሪት ዘኍልቍ ስለ ነፍሰ ገዳይ ካሳ አትቀበሉ ካለ፣ ለጠፋ አካል ካሳ ይቻላል ማለት አይደለም ወይ? እንዲህ እያሉ ቅጣቱ የገንዘብ ካሳ ነው ወደሚለው ይደርሳሉ። ካሳውም አንድ አይደለም፤ ለጉዳቱ፣ ለሕመሙ፣ ለሕክምናው፣ ከሥራ ለቀረበት ጊዜ፣ ለውርደቱ ለየብቻ ይታሰባል። ረቢ ኤሊዔዘር ግን ገንዘብ ሳይሆን «ዓይን ራሱ ነው» ይላሉ። ጌማራው ቃላቸውን አይጥልም፤ ምን ማለታቸው ይሆን እያለ ይከራከርበታል። ጉዳቱ የሚተመነው ደግሞ ሰውየው ባርያ ሆኖ ገበያ ቢወጣ ዋጋው ስንት ይቀንስ ነበር ተብሎ ነው። ይህን ሳነብ ቅር አለኝ፣ አልደብቅም።

ሳያጠኑ መፍረድ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በእኛው ላይ አይተነዋል። በጊዜው ከእስራኤል ሁለት ዋና ረቢዎች አንዱ የነበሩት ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑልን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ የነበሩት ራድባዝ የተባሉ ረቢ የጻፉትን አገላብጠው ነው። እንዲያም ሆኖ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በእስራኤል ዋና ረቢዎች ቢሮ አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል፣ አዲስ ወደ ሃይማኖቱ እንደሚገባ ሰው ውኃ ውስጥ ተነክራችሁ ውጡ ተብለናል። ሽማግሌዎቻችን በ1985 እ.ኤ.አ. ለተቃውሞ ኢየሩሳሌም አደባባይ ላይ ሰንብተዋል።

ጸሐፊው ባቫ ቃማን 83ኛው ቅጠል ላይ ይክፈቱና ከሚያውቅ ሰው ጋር ይቀመጡበት። ከዚያ በኋላ ቢነቅፉ መብታቸው ነው፤ የባርያ ገበያውን ነገርማ እኔም አብሬያቸው እነቅፋለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከነታንያ