ቀይዋ ባለ ሦስት ጎማ

ሰላም ወንድም ዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? እኔም ጠፋሁ፣ አንተም ጠፋህ፤ ስለዚህ ተካክሰናል፣ መወቃቀስ የለም። ዛሬ ያስጻፈኝን ነገር ስትሰማ ግን መሳቅህ አይቀርም። ሆንዳ ገዛሁ። መኪና እንዳይመስልህ! በፈረንጅ አቆጣጠር የ1983ቷን 200ኤክስ፣ አሸዋና ገጠር የሚነዳባትን ባለ ሦስት ጎማ ሞተር!

አንድ ሽማግሌ ጋራዡ ውስጥ በሸራ ሸፍነው አስቀምጠዋት ነበር። ጎማዎቿ ተሰነጣጥቀዋል፣ ወንበሯን አይጥ በልቶታል፣ ካርቡራተሯ በደረቀ ቤንዚን ተደፍኗል። ካርቡራተሩን ፈትቼ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን በሽቦ ከፈትኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ። ብረግጣት እምቢ፣ ብረግጣት እምቢ። እግሬ ሊዝል ሲል ተነሳች። ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ብቅ አለ። ፎቶዋን አዲስ አበባ ላለው የእህቴ ልጅ ብልክለት «ጋሼ፣ ጣራ የሌለው ባጃጅ ነው እንዴ?» አይለኝም!

ግላሚስ፣ ያ የካሊፎርኒያው የአሸዋ ኮረብታ፣ ትዝ ይልሃል አይደል? ከሳንዲያጎ በዚያች አሮጌ ፒካፕ ወጥተን፣ ታንክስጊቪንግን፣ የአሜሪካኖቹን የኅዳር የምስጋና በዓል፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር አሸዋ ላይ ስናሳልፍ? ከኮረብታው ማዶ የሚመጣው እንዲያየን ዘንግ ላይ ባንዲራ እናስር ነበር። ማታ ኦልድስሞቢል ሂል በሚሉት ትልቅ የአሸዋ ዳገት ላይ የሞተሮቹ መብራት ሲወጣ ሲወርድ፣ የቱ-ስትሮክ ሞተሮቹ ዘይት ሽታ ከባርቤኪው ጭስ ጋር ሲቀላቀል። የማያውቀን ሰው ሁሉ ቁልፍና መፍቻ ያውሰን፣ ቢራ ይጋብዘን ነበር። እንግሊዝኛችን ያኔ ገና ነው፤ ግን ስለ ሞተር ለማውራት ብዙም አላስቸገረንም።

ባለ ሦስት ጎማ መጀመሪያ የተሠራችው፣ ታውቅ እንደሆነ፣ የአሜሪካ ነጋዴዎች ክረምት ላይ ሞተር ሳይክል አልሸጥ ቢላቸው ነው። ታኬውቺ የሚባል የሆንዳ መሐንዲስ ከሁለት ጎማ እስከ ስድስት ጎማ ሞክሮ ሦስት ላይ ረጋ። በ1970 ወጣች። ያኔ ሾክ እንኳ አልነበራትም፤ ጉብታና ጉድጓዱን የሚችልላት ያ እንደ ፊኛ የተነፋ ለስላሳ ጎማዋ ብቻ ነው።

አነዳዷን ግን ለሰው ማስረዳት ያቅተኛል። ዲፈረንሻል የላትም፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ አክስል ታስረው እኩል ነው የሚዞሩት። መሪዋን ብቻ ብታጥፍ ወደ ፊት ትሄዳለች እንጂ አትዞርም። የውጪውን መርገጫ ጫን አድርገህ፣ ወገብህን ወደ ውስጥ ጥለህ፣ ጋዝ ስትሰጣት ኋላዋ ይንሸራተትና ትዞራለች። ደንግጠህ እግርህን መሬት ካስነካህ ደግሞ የኋላው ጎማ እግርህ ላይ ይወጣል። አንተ እኮ ከሁላችንም ቀድመህ ገባህ፤ እኔ ገና ከቁጥቋጦ ጋር ስታገል አንተ አንዱን የፊት ጎማ አየር ላይ ሰቅለህ ታልፈኝ ነበር።

ከዚያ በ1988 ነገሩ አበቃ። ፋብሪካዎቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምተው አዲስ ባለ ሦስት ጎማ መሸጥ አቆሙ። ብዙ ልጆች ተጎድተዋል፤ ማቆማቸውን አልቃወምም። ግን ጥፋቱን ሁሉ በጎማ ቁጥር ሲያሳብቡ አይዋጥልኝም። ባለ አራቱም ይገለበጣል፣ ይገድላልም። ልዩነቱ ባለ አራቱ ቁጭ ብለህ መንዳት የምትችል ያስመስልሃል። ይቺ ግን ቁጭ አታስብልም። ለዚህም ነው የወደድኳት። አሁን አራቱን የሚነዱትን ጎረምሶች ሳይ «ሶፋ ላይ ናቸው» እላለሁ፤ አርጅቻለሁ መሰለኝ።

አሁን ወደ ልመናዬ። ያኔ ያነሳኸው ፎቶ እጅህ ላይ ካለ ላክልኝ፤ ታንከሯ ላይ ያለው ተለጣፊ እንዴት እንደነበር ማየት እፈልጋለሁ። ኅዳር ላይ አሜሪካ ልጅህን ለማየት የምትመጣ ከሆነ ደግሞ ቡትስህን ያዝ፣ የራስ ቁር ከእኔ። ለባለቤትህ «ልናያት ብቻ ነው» በላት። ልጆቹን ሳምልኝ።

ያንተው ወንድም